ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩልን

ይድረስ፦ የመጠጥ ውሃ ጥራትን ለምትመሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የውሃ ማጣሪያ ለምትለግሱ ድርጅቶች
ግልባጭ፦ ለቤቱ ማጣሪያ ሊገዛ ላሰበ ሁሉ

ሥራዬ የውሃ ማጣሪያ መግጠምና መጠገን ነው። ከምገጥመው የምጠግነው ይበልጣል። ከምጠግነው ደግሞ “ይሄስ አልቆለታል” ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ የምመለሰው ይበልጣል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

በቅርቡ ከአንድ ትምህርት ቤት “ውሃው ሽታ አመጣ፣ ድረስልን” ተብሎ ተደወለልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ሄድኩ። ከጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያምር ማሽን ቆሟል። አር ኦ ነው፤ በሙሉ ስሙ ሪቨርስ ኦስሞሲስ። ፓምፑ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል። የመጀመሪያውን የፊልተር ቤት በቁልፍ ፈትቼ አወጣሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ፊልተር ቡናማ ሆኗል። በጣቴ ስነካው ያሟልጫል። ቀጥሎ ያለው የካርቦን ፊልተር ላይ የተገጠመበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ ነው። የተጣራው ውሃ የሚጠራቀምበትን ታንከር ክዳን ሳነሳው ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል።

“ፊልተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው?” አልኩ።

ክፍሉን የከፈተልኝ የጥበቃ ሠራተኛ ግራ ተጋብቶ አየኝ። “ይቀየራል እንዴ?” አለኝ።

በእሱ አልፈርድም። ማሽኑ ሲመጣ ሪባን ተቆርጧል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ ቁልፉ ለእሱ ተሰጥቷል። ከቁልፉ ጋር ሌላ የተሰጠው ነገር የለም። እኔን ይበልጥ ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። “መጀመሪያ ውሃው ሲመረመር ምን ተገኘበት? የላቦራቶሪ ውጤቱን አሳዩኝ” ስል፣ ቢሮ ለቢሮ ተዞረ፣ መሳቢያ ተሳበ፣ ወረቀቱ የውሃ ሽታ ሆነ። በኋላ እንደገባኝ ከመጀመሪያውም ምርመራ የሚባል ነገር አልነበረም። ማሽኑ የተገዛው “ውሃው ጥሩ አይደለም” በሚል ወሬ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ውሃው ሳይመረመር አር ኦ አትግዙ፣ አታስገዙ፣ አትለግሱ። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

እዚህ ላይ “ሰውዬው አር ኦ ይጠላል” እንዳትሉኝ። እንጀራዬ ነው። ደግሞም የሚደነቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1748 ዣን አንትዋን ኖሌ የሚባል ፈረንሳዊ አልኮል የሞላበትን ዕቃ አፉን በአሳማ ፊኛ አስሮ ውሃ ውስጥ ነከረው። ፊኛው እያበጠ መጣ። ውሃው ማንም ሳይገፋው በፊኛው አልፎ ወደ አልኮሉ እየገባ ነበር። ኦስሞሲስ የምንለው ይሄ ነው፤ ውሃ በስስ ገለፈት በኩል ንጹሑ ካለበት ብዙ ነገር ወደሟሟበት ይሄዳል። ሪቨርስ ሲጨመርበት ነገሩ ይገለበጣል። ጨዋማው ላይ ግፊት ትጭናለህ፣ ውሃው በግዱ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ጨው ይቀራል።

ለማውራት ይቀላል። ውሃ በደንብ የሚያሳልፍ፣ ጨው የሚያስቀር ገለፈት ለመሥራት ግን ከኖሌ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቷል። ሲድኒ ሎብ እና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ተሳካላቸው። በ1965 እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮአሊንጋ የምትባል ትንሽ ከተማ በዚህ መንገድ የተጣራ ውሃ መጠጣት ጀመረች። የኮአሊንጋ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሚጠጣ ውሃ በባቡር እየተጫነ ይመጣላት ነበር። ልብ በሉ፣ ችግሯን ታውቀዋለች። ጨው ነው። ለጨው የሚሆን መድኃኒት መጣላት።

ዛሬ የባሕር ውሃ የሚያጣሩ ትልልቅ ጣቢያዎች ከ55 እስከ 70 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራሉ። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ አየር ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ተነስታችሁ አስቡት። ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይበላል። ባሕር ብቻ ላለው አገር ይሄ ዋጋው አይከብድም። ውሃው ትንሽ ስለደፈረሰ ብቻ ይሄን ጣጣ ውስጥ መግባት ግን ለዝንብ መድፍ መተኮስ ነው።

ምክንያቱም ውሃ “መጥፎ” የሚሆንበት መንገድ ብዙ ነው። ጭቃ ከሆነ ማዝቀጥና በአሸዋ ማጣራት ይበቃዋል። ተሕዋስያን ከሆኑ ክሎሪን አለ፣ ማፍላት አለ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት አለ። አር ኦ በእውነት ቦታው የሚሆነው የሟሟ ነገር ሲኖር ነው፤ ጨው፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ አርሴኒክ። እነዚህ በዓይን አይታዩም፣ አይሸቱም፣ ከጨው በቀር በምላስም አይለዩም። ማፍላትም አያጠፋቸውም። ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ብታፈሉት ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ጭራሽ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ለዓመታት ሲጠጣ መጀመሪያ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ መጠኑ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ አጥንት ይጎዳል። እንዲህ ባለ ቦታ አር ኦ ሲገጠም እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምገጥመው። ግን ፍሎራይድ መኖሩን የሚነግረኝ ላቦራቶሪ እንጂ ወሬ አይደለም።

ሻጩስ? ሻጩ የራሱ “ምርመራ” አለው። አይታችሁት ይሆናል። ሁለት ብርጭቆ ይደረደራል። ባንዱ የቧንቧ ውሃ፣ ባንዱ ማሽኑ ያጣራው። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሏት ትንሽ ዕቃ ከቦርሳ ትወጣለች። ዘንጎቹ ሁለቱም ብርጭቆዎች ውስጥ ይነከራሉ፣ ሶኬት ላይ ትሰካለች። ብዙ ሳይቆይ የቧንቧው ውሃ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። የተጣራው ጥርት እንዳለ ቁጭ ብሏል። “እመቤት፣ ልጆችዎን የሚያጠጡት ይሄን ነው” ይላል ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እናትየው እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ሽያጩ አለቀ።

ያ ጭቃ ከውሃው የወጣ አይደለም። ከዘንጉ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሙ ማዕድናት ስላሉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪኩ ብረቱን እየበላ ያዝገዋል። የተጣራው ውሃ ማዕድን ስለሌለው ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያልፍበትም፣ ብረቱም አይበላም። ሻጩን እዚያው ማሳፈር ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። በተጣራው ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ጨው ቆንጥራችሁ ጨምሩና “አሁን ድገምልኝ” በሉት። ያም ጭቃ ይሆናል።

መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ማስቆም ይችላሉ። ሰው እያስፈራሩ መሸጥ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ያለ ትርዒት እንዳይታይ አንድ መመሪያ ይበቃል።

ሁለተኛው መሣሪያ ቲዲኤስ ሜትር ነው። ይቺ እንኳ የውሸት አይደለችም። እስክሪብቶ የምታክል ናት፤ ውሃ ውስጥ ሲነክሯት ቁጥር ታወጣለች። የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ከዚያ ተነስታ የሟሟው ነገር በጠቅላላ ስንት እንደሆነ ትገምታለች። ምን እንደሟሟ ግን አታውቅም። ለጤና የሚስማማ ካልሲየምም ሆነ ናይትሬት ለእሷ አንድ ነው። ባክቴሪያ ጭራሽ አይታያትም። አርሴኒክን ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ማለትም የአንድ ሚሊግራም መቶኛ። ሜትሯ ላይ በሊትር 250 ሚሊግራም የሚያሳይ ውሃ አርሴኒኩ ከጣሪያው አምስት እጥፍ ቢሆን፣ አሁንም 250 ነው የምታሳየው። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰው ከኩሬና ከወንዝ ውሃ ተሕዋስያን ይገላገል ተብሎ እጅግ ብዙ የቱቦ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ ነበር። አርሴኒክ እንዳለበት በሰፊው የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። ሰው ለዓመታት ከጠጣው በኋላ።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2019 የህንድ ናሽናል ግሪን ትሪቡናል፣ ማለት የአካባቢ ጉዳይ ችሎቱ፣ ቲዲኤስ በሊትር ከ500 ሚሊግራም በታች በሆነበት ቦታ አር ኦ እንዲከለከል መንግሥትን ሲያዝ ሐሳቡ ገብቶኛል። ውሃ ይባክናል ነው። ልክ ነው፣ ይባክናል፤ እመጣበታለሁ። ግን መስፈሪያው ቲዲኤስ ብቻ ከሆነ ያ የአርሴኒክ ጉድጓድ “ደህና ነው” ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ እኛም መመሪያ ስናወጣ በአንዲት ቁጥር እንዳንገላገል።

ሜትሯን ግን አትጣሏት። ትክክለኛ ሥራ አላት። ከማሽኑ በፊት ለኩ፣ ከማሽኑ በኋላ ለኩ። የገባው 800፣ የወጣው 40 ከሆነ ሜምብሬኑ፣ ማለት ያ ስስ ገለፈት፣ 95 በመቶውን እያስቀረ ነው፤ ጎበዝ ነው። ከወራት በኋላ የወጣው 160 ከደረሰ የሚያስቀረው ወደ 80 በመቶ ወርዷል ማለት ነው፤ ይቀየር። በወር አንድ ቀን፣ ሁለት ቁጥር። የዚያ ትምህርት ቤት ጥበቃ ይሄን ለመማር አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

አሁን ወደ ብክነቱ። አር ኦ የገባውን ውሃ ሁሉ አያጣራም። ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ የተያዘውን ቆሻሻ ተሸክሞ በሌላ ቱቦ ይወጣል። በቤት ውስጥ በሚገጠሙት ላይ ለአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ከ3 እስከ 5 ሊትር መውጣቱ የተለመደ ነው፤ የቧንቧው ግፊት ደካማ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቤት ውስጥ የሚወጣው ያን ያህል የተከማቸ ስላልሆነ ለወለል፣ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ባልዲ አስቀምጡለት።

ትልልቆቹ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብክነታቸው ያንሳል፤ የሚያወጡት ግን መራራ ነው። በሊትር 5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበት ጉድጓድ ላይ ከገባው ውሃ 75 በመቶውን የሚያጣራ ማሽን ተተከለ እንበል። የቀረችው ሩብ ፍሎራይዱን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይዛ ትወጣለች። ወደ 19 ሚሊግራም ይጠጋል። ይሄ ውሃ የት ይሄዳል? ስንት ጊዜ ጠይቄ “እዚያ ጋ ይፈሳል” ተብያለሁ። እዚያ ጋ ማለት ከጉድጓዱ ሃምሳ እርምጃ ነው። ኩሬ ሠርቷል። ከብት ይጠጣዋል። ቀሪው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም። ጎረቤት ላይ ጥሎ መገላገል አይደለም፣ ራስ ላይ መልሶ መድፋት ነው። የፕሮጀክት ሰነድ ስትፈርሙ “ውጋጁ የት ይወገዳል?” የሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው አትፈርሙ። እባካችሁ።

ደግሞ ሁሉን ውሃ ማጣራት ግዴታ አይደለም። ይሄን የሚነግራችሁ ሻጭ እምብዛም የለም፣ ማሽኑን ያሳንስበታላ። ፍሎራይዱ 3 ሚሊግራም የሆነ ውሃ ካላችሁ 60 በመቶውን ብቻ አጣርታችሁ ከ40 በመቶው ጥሬ ውሃ ጋር ብትቀላቅሉት ወደ 1.3 ይወርዳል። ከጣሪያው በታች ነው። ማሽኑ ያንሳል፣ መብራቱ ያንሳል፣ ውጋጁ ያንሳል። ካልሲየምና ማግኒዚየሙም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እርግጥ ጥሬው ውሃ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችል ድብልቁ ክሎሪን ይፈልጋል። ይሄን ስሌት ለመሥራት ግን 3 መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። ተመልሰን ላቦራቶሪው በር ላይ ቆምን።

ስለ ክሎሪን ካነሳን፣ የትምህርት ቤቱ ታንከር ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ልንገራችሁ። የዛሬዎቹ ሜምብሬኖች ብዙዎቹ ከፖሊአማይድ ነው የሚሠሩት። ፖሊአማይድ ክሎሪን አይችልም፤ ይበላዋል። ስለዚህ ከሜምብሬኑ በፊት ካርቦን ፊልተር ይገጠምና ክሎሪኑን ይይዛል። ጥሩ። ግን ውሃው ከዚያ በኋላ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ሜምብሬኑ ባክቴሪያ ማሳለፍ የለበትም፤ ባክቴሪያ ከቀዳዳው በሺዎች እጥፍ ይተልቃል። ነገር ግን አንዲት የጎማ ቀለበት ከተጣመመች በጎን ያልፋል። ታንከሩ ክዳኑ ካልገጠመ አቧራ ይገባል፣ ብርሃን ይገባል፣ ውሃው በእረፍት ወራት ተኝቶ ይሰነብታል። ተማሪዎቹ በተመለሱ የመጀመሪያ ቀን የሚቀዱት ያንን ነው። ካርቦኑ በጊዜው ካልተቀየረ ደግሞ ክሎሪኑ አምልጦ ሜምብሬኑን ይበላል። ድምፅ የለውም፣ መብራት አይበራም። ማሽኑ እየሠራ ይመስላል።

ለአርሴኒክም እንዲሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አርሴኒክ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛውን አር ኦ በደንብ ይይዘዋል። ሌላኛው፣ አርሴናይት የሚባለው፣ በተለመደው ውሃ ውስጥ ቻርጅ ስለሌለው ሜምብሬኑን አታሎ በብዛት ያልፋል። ቀድሞ በኦክሲዳይዘር፣ ማለት ኦክሳይድ በሚያደርግ ኬሚካል፣ ወደ አንደኛው መልክ መለወጥ አለበት። ስለዚህ “አር ኦ ተገጥሟል” ማለት ብቻውን ውሃ የማያነሳ መልስ ነው። የወጣውም ውሃ መመርመር አለበት፤ ማሽኑ በተተከለ ሳምንትም፣ ከዚያ ወዲያም በየጊዜው።

ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ “ማዕድን የሌለው ውሃ ይጎዳል?” ነው። አብዛኛውን ማዕድን ከምግብ ነው የምናገኘው፤ ስለዚህ ብርክ አይያዛችሁ። ከውሃ የሚገኘው ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ምግባቸው በማዕድን የሳሳ ሰዎች ጋ ደግሞ ያጓድላል። ባዶ ውሃ የብረት ቧንቧም ይበላል። መጨረሻ ላይ ካልሲየም የሚመልስ ፊልተር መግጠም ወይም ቅድም እንዳልኩት መቀላቀል ይፈታዋል።

ከእናንተ የምጠብቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። መሥሪያ ቤቶች፣ በእጃችሁ ያለውን የውሃ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ አውጡት። ምንጩና ጉድጓዱ እየተጠቀሰ፣ ፍሎራይዱ ይሄን ያህል፣ ናይትሬቱ ይሄን ያህል ተብሎ በሰው ቋንቋ ይለጠፍ። ሰው የሚጠጣውን ካወቀ የሁለት ብርጭቆ ትርዒት አያታልለውም፤ ግማሹ ሰውም ማሽን እንደማያስፈልገው ያውቃል። ለጋሾች፣ ማሽን ስትሰጡ የሦስት ዓመት ፊልተርና ሜምብሬን አብራችሁ ስጡ። የፊት ፊልተሮች ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ ሜምብሬን በደህና አያያዝ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ውሃው ከባድ፣ ማለት ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት፣ ከሆነ ያንሳል። በጀታችሁ ይሄን ካልቻለ አነስ ያለ ማሽን ግዙ። ፊልተር ያልተቀየረለት ትልቅ ማሽን ከሚቀመጥ፣ በሥርዓት የሚያዝ የክሎሪን ጠብታ ይሻላል። ይሄ የእኔ አቋም ነው፤ የሚሞግተኝ ካለ ፊልተሩን ይዤ እመጣለሁ።

ለቤታችሁ የምትገዙም ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። “ከምን ልታጣራልኝ ነው?” መልሱ “ከሁሉም” ከሆነ አመስግናችሁ በሩን ዝጉ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ሳልጨርስ። ሦስቱን የፊት ፊልተሮች ቀየርኩ፣ ታንከሩን በክሎሪን አጠብኩት፣ ክዳኑን አጠበቅኩት። የጥሬውን ውሃ ናሙና በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ላክን፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ለጥበቃው ቲዲኤስ ሜትሯን ሰጠሁትና ሁለት ጊዜ አብረን ለካን። ሦስተኛውን ብቻውን ለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከዚያ አንድ ደብተር አስመጣሁ። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የተቀየረ፣ ብሎ አራት መስመር አሰመረበት።

ደብተሩን ከማሽኑ ጎን በገመድ አንጠለጠልነው። እስክሪብቶውንም አሰርነው፤ ካልታሰረ ይጠፋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የውሃ ማጣሪያ ጠጋኝ